ወደ እንጨት ሥራ የሚመለስ ጐልማሳ፦ ከኔስ የመምህራን ኮርስ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

የእጅ ሙያ በልጅነት ካልተያዘ አይያዝም የሚለው አስተያየት በአገራችን የቆየ ነው። የአናጢ ልጅ ከአባቱ ጐን ተቀምጦ መዶሻ እያቀበለ፣ ሰጋቱራ እየጠረገ፣ ቆይቶም መጋዝ እየያዘ ያድጋል። በወጣትነቱ በትምህርት ቤት መላጊያ ጨብጦ ኋላ ግን ዕድሜውን በጠመኔና በወረቀት ሥራ ያሳለፈ ሰው፣ ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ወደ እንጨት ልመለስ ቢል ጊዜው እንዳለፈበት ይነገረዋል።

ጉዳዩ በጡረታ ዘመን ለሚፈለግ መዝናኛ ብቻ የሚተው አይደለም። በቅርብ ዓመታት በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኗል። ይህን ትምህርት እንዲሰጡ ከሚመደቡት መካከል እንጨት ከነኩ ብዙ ዘመን ያለፋቸው መምህራን እንደሚኖሩ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የተተወ የእጅ ሙያ በጐልማሳነት ሊመለስ ይችላልን? ቢችልስ በምን ዓይነት ሥርዓት? ይህ ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ የሚፈልገው ቀደም ሲል በሥራ ከተፈተነ አንድ ታሪክ ነው።

የእጅ ሥራ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት

በስዊድንና በፊንላንድ ገጠሮች ገበሬው በረጅሙ የክረምት ሌሊት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ማንኪያውን፣ የመጥረቢያ እጀታውንና የቤት ዕቃውን ራሱ ይጠርብ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የፋብሪካ ዕቃ በርካሽ መሸጥ ሲጀምር ይህ ልማድ እየቀዘቀዘ ሄደ። ቢላዋው ከቤት አልጠፋም፤ የጠፋው ቢላዋውን የሚያዝ እጅ ነበር።

ለዚህ ጉድለት የትምህርት መፍትሔ በመፈለግ ረገድ ቀዳሚ ሆነው የሚጠቀሱት ፊንላንዳዊው ኡኖ ሲግኔውስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1863 በዩቫስኪላ የተከፈተውን የመምህራን ማሠልጠኛ የመሩት እርሳቸው ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1866 የወጣው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ደንብ የእጅ ሥራን ከመደበኛው ትምህርት ጋር እንዲሰለፍ አደረገ። በስዊድን ደግሞ ከጎተንበርግ ከተማ ብዙ በማይርቀው ኔስ በተባለ ርስት፣ ነጋዴው አውጉስት አብራሃምሶን እ.ኤ.አ. በ1872 ለወንዶች ልጆች የሥራ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ኀላፊነቱንም ለእኅታቸው ልጅ ለኦቶ ሳሎሞን ሰጡ። ሳሎሞን እ.ኤ.አ. በ1877 ወደ ፊንላንድ ተጉዘው ሲግኔውስን ካነጋገሩ በኋላ፣ የእጅ ሥራ ትምህርት ዋና ዓላማ አናጢ ማፍራት ሳይሆን ሰውን መቅረጽ ነው የሚለውን ሐሳብ የሥራቸው መሠረት አደረጉት።

የኔስ ኮርስ አሠራር

ለርእሳችን ትልቁን ቁም ነገር የያዘው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት ቀርቶ ኔስ በሥራ ላይ ላሉ መምህራን ስድስት ሳምንት ያህል የሚፈጅ አጭር ኮርስ የሚሰጥበት ቦታ ሆነ። ወደዚያ የመጡት ወንዶችና ሴቶች የልጅነት ዘመናቸው ያለፈ፣ እጃቸው ብዕር የለመደ ሰዎች ነበሩ። ከስዊድን ሌላ ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካና ከሌሎች ብዙ አገሮች እየመጡ ሠልጥነዋል።

ሳሎሞን ለእነዚህ ጐልማሶች የተለየና የቀለለ ትምህርት አላዘጋጁም። ልጆቹ እንዲሠሯቸው የታቀዱትን ዕቃዎች ተራ በተራ መምህራኑም በእጃቸው ሠሯቸው። ተከታታዩ የሚጀምረው በቢላዋ ብቻ ከሚጠረብ ሹል ዘንግ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ወይም ሁለት አዲስ ልምምድ ብቻ ይጨምራል፤ ያለፈውንም ይደግማል። ሠልጣኙ ከቢላዋ ወደ መጋዝ፣ ከመጋዝ ወደ መላጊያ፣ ከመላጊያ ወደ መሮ እያለ በመጨረሻ የወንዴና ሴቴ መገጣጠሚያ ወዳላቸው ዕቃዎች ይደርሳል። ቢላዋ የመጀመሪያ የሆነው የገጠር ልጅ ሁሉ የሚያውቀው መሣሪያ በመሆኑ ነው፤ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ የኔስ ሕግ ነበርና።

ሁለተኛው ሕግ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በራሱ ፍጥነት እንዲሄድ የሚያዝዘው ነው። ፈጣኑ ዘገምተኛውን አይጠብቅም፤ ዘገምተኛውም በፈጣኑ አይዋከብም። ሦስተኛው ደግሞ የሚሠራው ዕቃ ሁሉ አገልግሎት የሚሰጥ እንዲሆን ነው።

የሦስተኛው ሕግ ክብደት የሚታወቀው በዚያው ዘመን ከነበረው ከሌላው ዘዴ ጋር ሲነጻጸር ነው። በሞስኮ የንጉሠ ነገሥቱ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ቪክቶር ዴላ ቮስ ከ1860ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስፋፉት ሥልት መገጣጠሚያዎችን ከዕቃ ለይቶ ለልምምድ ብቻ የሚያሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላዴልፊያ ኤግዚቢሽን ላይ ቀርቦ የአሜሪካን የቴክኒክ ትምህርት መሪዎች ማርኳል። መሐንዲስ ለሚሆን ወጣት ይህ መንገድ ፈጣን ነው። ቤተሰብና ሥራ ያለው ጐልማሳ ግን ተሠርቶ የሚጣል ቁራጭ እንጨት ለብዙ ቀን አያቆየውም። ወደ ቤቱ ይዞት የሚገባው ማንኪያ ለነገ ያተጋዋል።

የተመላሹ ጠባይ

ወደ ሙያው የሚመለስ ሰው ጀማሪም አይደለም፤ ባለሙያም አይደለም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተሙት የማስታወስ ጥናት፣ አንድ ጊዜ የተጠና ነገር ፈጽሞ የተረሳ ቢመስልም እንደገና ሲጠና ከመጀመሪያው ያነሰ ጊዜ እንደሚወስድ አሳይተዋል። ጥናቱ የቃል እንጂ የእጅ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ በእንጨት ሥራ ክፍልም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክም እ.ኤ.አ. በ1928 ስለ ጐልማሶች ትምህርት ባወጡት መጽሐፍ፣ የመማር ችሎታ ከወጣትነት በኋላ የሚቀንሰው ሰዎች ከሚያስቡት እጅግ በዝግታ መሆኑን አስረድተዋል።

የተመላሹ ዋና ችግር ሌላ ነው። ዐይኑና እጁ እኩል አይመለሱም። ጠማማውን ከቀናው፣ ልኩን ከግድፈቱ የሚለይ ዐይን በጥቂት ቀናት ይነቃል፤ በመስመር ላይ ቀጥ ብሎ የሚጋዝ እጅ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። በዚህ መካከል ሠልጣኙ የሥራውን ጉድለት አጥርቶ እያየ ለማረም አይችልም። ሙያውን ለሁለተኛ ጊዜ የሚተወውም በዚህ ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱ የሚጀምረው ከምርጫው ነው፤ የቀድሞ ችሎታውን አስቦ በጠረጴዛ ወይም በቁም ሣጥን ይጀምራል። የኔስ ተከታታይ ሥርዓት ይህን ፈተና አስቀድሞ የዘጋ ነበር፤ አዋቂውን ከሹሉ ዘንግ አስጀምሮ ዐይኑ የሚጠይቀውን እጁ ሊያደርስ በሚችልበት ደረጃ ያቆየዋልና።

ከዚህ ሌላ የሰውነትን ለውጥ መዘንጋት አይገባም። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ እይታ ስለሚደክም የእርሳስ ምልክትን ለማየት መነጽርና በቂ ብርሃን ያስፈልጋል። የደነዘ መሮ ጉልበት ይጠይቃል፤ በጉልበት የተገፋ መሮም አፈትልኮ እጅን ያቆስላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ስለት ማውጣት መሆን ይኖርበታል። እንጨቱም በጥንቃቄ ይመረጣል። ዋንዛ ለመላጊያና ለመሮ የሚታዘዝ በመሆኑ፣ ዋጋው ቢከብድም ከአናጢ ቤት በሚገኘው ቁርጥራጭ መለማመድ ይቻላል። የሚሰነጠቀውንና የሚጣመመውን ባሕር ዛፍ፣ መሮ የሚያደንዘውንም ወይራ ለኋላ ማቆየት ይሻላል።

በአገራችን ያለው መሠረት

በኢትዮጵያ የእጅ ባለሙያ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድቡትን የሚገሥጽ ዐዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ጥልቀት ያመለክታል። በዘመናዊ ትምህርት ረገድ ተግባረ ዕድ በሚል ስም የሚታወቀው የአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1942 ተከፈተ። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም አጠቃላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእንጨትና የብረት ሥራ ክፍሎች ተደራጁላቸው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሙያ ሥልጠናን ከአጠቃላይ ትምህርት ለይቶ በራሱ መስመር ሲያደራጀው፣ ለሁሉም ተማሪ የነበረው የመላጊያና የመጋዝ ትውውቅ እየቀረ ሄደ። እንጨት የጨበጠው የቀድሞው ተማሪ ዛሬ በጡረታ ላይ ወይም በጡረታ ጫፍ ላይ ነው። ይህ ትውልድ ሳያስተላልፈው የሚቀር ዕውቀት እንደገና ከባዶ መጀመር ግድ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ በመነሣት ለዕቅድ አውጪዎችና ለመምህራን የሚከተሉትን ማሳሰብ ይቻላል።

1ኛ/ በክረምት የዕረፍት ወራት በመምህራን ኮሌጆች የሥራ ክፍሎች ስድስት ሳምንት ያህል የሚፈጅ የእንጨት ሥራ ኮርስ ቢሰጥ፣ የቀድሞ ትውውቅ ያላቸው መምህራን በቅድሚያ ቢጠሩ፣ ጡረተኞችም እንዲካፈሉ ቢፈቀድ።

2ኛ/ የሚሠሩት ዕቃዎች ለመማሪያ ክፍል የሚጠቅሙ ሆነው በተከታታይ ቢደራጁ፤ ከጠቋሚ ዘንግና ከማስመሪያ ተጀምሮ በጠመኔ ሣጥን በኩል ወደ በርጩማና ወደ መጻሕፍት መደርደሪያ ቢደረስ።

3ኛ/ ሳሎሞን ትምህርቱ በእጅ ባለሙያ ሳይሆን በመምህር እንዲሰጥ ይመርጡ ነበር። ለእኛ ግን የአካባቢው አናጢ እንጨቱን፣ መምህሩ ደግሞ የትምህርቱን ቅደም ተከተል ስለሚያውቅ፣ አናጢው ተገቢው ክፍያና ክብር ተሰጥቶት ከመምህሩ ጋር ጐን ለጐን ቢቆም ይበጃል።

4ኛ/ የሠልጣኙ ውጤት ከወጣቶች ፍጥነት ጋር ሳይነጻጸር ከራሱ የመጀመሪያ ሥራ ጋር ቢመዘን፤ ለዚህም የመጀመሪያው ዘንግ ሳይጣል ተቀምጦ ከመጨረሻው ዕቃ ጐን ቢታይ።

ኔስ ያሠለጠናቸው ሰዎች ወደየትምህርት ቤታቸው ሲመለሱ ፍጹም አናጢዎች አልነበሩም። ነገር ግን መሣሪያቸውን ለመሳል፣ በመስመር ላይ ለመጋዝና የሠሩትን ዕቃ ለተማሪ ለማሳየት የሚችሉ ነበሩ። ለ7ኛ ክፍል ልጅ የመጀመሪያውን መላጊያ ለማስጨበጥ ይህ ይበቃል።