ሐይቅ ዳር ቤት ከመያዛችን በፊት፦ የቪክቶሪያ ሐይቅ ከተሞች ታሪክ ምን ያስተምረናል?



በካምፓላና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በክርስትናም ሆነ በሠርግ፣ በኀዘንም ሆነ በበዓል በተሰባሰብን ቁጥር ከማይቀሩት ጨዋታዎች አንዱ «ወደ ሐይቁ ዳር ብንወጣስ?» የሚለው ነው። ሐሳቡ ከየትም የመጣ አይደለም። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያረፍንባቸው ካባላጋላና ካንሳንጋ የሚገኙት በጋባ መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱ ደግሞ የሚያልቀው ሐይቁ ላይ ነው። ልጆቻችን ጀልባ ይወዳሉ። ጎልማሶቹ በእንግዳ ማረፊያ፣ በጀልባ ማመላለሻ ወይም በዓሣ ንግድ ሥራ ይገኝ ይሆን እያሉ ያሰላስላሉ። ጉዳዩ ጨዋታ ቢመስልም የቤተሰብ ጥሪት የሚፈስበትና የልጆች ትምህርት ቤት የሚወሰንበት ነው። በመሆኑም በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን፣ ከእኛ በፊት ይህን ዳርቻ የመረጡ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው በአጭሩ ለመዳሰስ ወደድን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባዶ እንዲሆን የታዘዘ ዳርቻ

ቪክቶሪያ ሐይቅ ወደ 68,800 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ በአፍሪካ ትልቁ ሐይቅ ነው። ጣናችንን ሃያ ጊዜ ያህል ይበልጠዋል ማለት ነው። ታንዛኒያ፣ ዩጋንዳና ኬንያ ይጋሩታል። የጣና ሰው በደንገል ታንኳ እንደሚሻገር ሁሉ፣ የቡጋንዳ ሰዎችም ሳንቃ በገመድ እየሰፉ በሚሠሯቸው ረጃጅም ታንኳዎች ሐይቁን ሲመላለሱበት ኖረዋል፤ የቡጋንዳ ነገሥታትም በታንኳ የሚዘምት ጦር ነበራቸው።

ይሁን እንጂ ዛሬ ሁሉም የሚመኘው ይህ ዳርቻ በአንድ ወቅት ሰው እንዳይኖርበት ተከልክሎ ነበር። ከ1900 ጀምሮ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ በዩጋንዳ በኩል ባለው ዳርቻና በደሴቶቹ ላይ ከ200,000 በላይ ሰዎችን ፈጀ። በዚህም የተነሣ ገዥው ሰር ሄስኬት ቤል ነዋሪው ከዳርቻው እንዲነሣ አዘዙ፤ ቀጥሎም የሴሴ ደሴቶች ሕዝብ እንዲወጣ ተደረገ። ሰዎች ወደ ቀያቸው መመለስ የቻሉት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ነው። የውኃ ዳር ውበት ብቻውን ሰውን እንደማያኖር የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው።

ሐዲድ የሠራቸው፣ ሐዲድ የተዋቸው

ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በታኅሣሥ 1901 ሐይቁ ዳር ደረሰ። ሥፍራው ያኔ ፖርት ፍሎረንስ ይባል ነበር፤ ዛሬ ኪሱሙ ነው። በሐይቁ የመጀመሪያዋ የእንፋሎት መርከብ «ዊልያም ማኪኖን» ከስኮትላንድ ተነጣጥላ መጥታ፣ ከፊሏ በሰው ሸክም ተጓጉዞ፣ ኪሱሙ ላይ ተገጣጥማ በ1900 ውኃ ላይ ወጣች። ወደ ዩጋንዳ የሚሄድ ሰውም ሆነ ዕቃ ከባቡር ወርዶ መርከብ የሚሳፈረው በኪሱሙ ስለነበር ከተማዋ ባጭር ጊዜ አደገች። በማዶ በኩል ደግሞ ለካምፓላ ወደብ ሆና ፖርት ቤል ተቆረቆረች፤ ስሟም ከዚያው ከሰር ሄስኬት ቤል የተወሰደ ነው።

በ1928 ሐዲድ ከታቦራ ተነሥቶ ምዋንዛ ሲገባ የታንዛኒያ ጭነት የራሱን በር አገኘ። በ1931 ደግሞ ዋናው መስመር በጂንጃ በኩል ናይልን በድልድይ ተሻግሮ ካምፓላ ደረሰ። ከዚህ በኋላ የካምፓላ ጭነት ከባቡር ሳይወርድ መግባት ስለቻለ ኪሱሙ የቅርንጫፍ መስመር ከተማ ሆነች። በ1960ዎቹ የባቡር ፉርጎ ጭነው ሐይቁን የሚያቋርጡ ትላልቅ መርከቦች ሥራ ሲጀምሩ ወደቦቹ እንደገና ነፍስ ዘሩ። ነገር ግን በ1977 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሲፈርስ የጋራ ባቡሩና የጋራ መርከቦቹ ለሦስት ተከፈሉ። በወደቡ የሚተዳደረው ባለ ሱቅ፣ ተሸካሚና ጀልባ ጠጋኝ የውኃው ገጽ ሳይለወጥ ገበያው ተለወጠበት። ማኅበረሰቡ በ2000 እንደገና የተቋቋመ ቢሆንም የሐይቁ ወደቦች የጥንቱን ያህል አልደመቁም።

እንቴቤና ጂንጃ

የእንቴቤ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ስሟ በሉጋንዳ ከ«ወንበር» ጋር የተያያዘ ነው። እንግሊዞች ከ1893 ጀምሮ የአስተዳደር መቀመጫ ያደረጓት ሲሆን፣ ነፃነት በመጣበት በ1962 መንበሩ ወደ ካምፓላ ሄደ። መንበሩን ብታጣም አውሮፕላን ማረፊያው ስለቀረላት አልተራቆተችም። በ2010 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ አገልግሎት ማዕከል ሲቋቋምባት ለሆቴሉ፣ ለቤት አከራዩና ለሹፌሩ ተጨማሪ ገበያ ሆነ። በ2018 ደግሞ ከካምፓላ የሚያገናኛት ፈጣን መንገድ ተከፈተ፤ አንዱ ክንፉ ወደ ሙንዮንዮ ስለሚወርድ ለጋባ መንገድ ነዋሪም ቅርብ ሆነች።

ጂንጃ ነጭ አባይ ከሐይቁ የሚነሣባት ከተማ ናት። ጥቁር አባይን ከጣና ሸኝተን ለመጣን ለእኛ ይህች ከተማ የተለየ ስሜት አላት፤ ሁለቱ ካርቱም ላይ ይገናኛሉና። በ1954 የኦወን ፏፏቴ ግድብ ሲመረቅ ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅና የመዳብ ማቅለጫ ፋብሪካዎች መናኸሪያ ሆነች። በ1972 የእስያ ተወላጆች ከአገር ሲባረሩ ፋብሪካዎቹ ተዳከሙ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በናይል ፈጣን ውኃ ላይ ጎብኚዎችን በጎማ ጀልባ ማንሸራሸር አዲስ መተዳደሪያ ሆናት። በ2012 የቡጃጋሊ ግድብ ሥራ ላይ ሲውል ግን የታወቁት ፏፏቴዎች በውኃ ተዋጡ፤ ጀልበኞቹም ወደ ታችኛው የወንዙ ክፍል ለመሸሽ ተገደዱ።

ውኃውን ማወቅ

ሐይቁ ባለበት የሚቀመጥ አይደለም። ከ1961 እስከ 1964 ባሉት ዓመታት ከሁለት ሜትር በላይ ከፍ ብሏል። በግንቦት 2020 ደግሞ በ1964 የተመዘገበውን ከፍታ አልፎ፣ ዳር የተሠሩ ቤቶችንና መናፈሻዎችን አጥለቀለቀ። በዩጋንዳ ሕግ ከትልልቅ ሐይቆች ዳር 200 ሜትር የተጠበቀ ክልል የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1990ዎቹ እምቦጭ ወደቦቹን ዘግቶ ጀልባ አላንቀሳቅስ ብሎ ነበር። በኋላ ጣናን ሲወር ያየነው ያው አረም ነው። እምቦጩን የሚበሉ ጢንዚዛዎች ተለቅቀውበት ቢቀንስም፣ ነፋስ እየገፋ የሚያከማችበት የኪሱሙ ባሕረ ሰላጤ ዛሬም ይቸገራል። በሣርና በቄጠማ የተከበበ የቆመ ውኃ ደግሞ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ መኖሪያ በመሆኑ ልጆችን ከማዋኘት በፊት ማሰብ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ማዕበሉ አለ። ሌሊት በሐይቁ ላይ የሚከማቸው ነጎድጓዳማ ዝናብ ብዙ ጊዜ ንጋት ላይ ወደ ዳርቻ ይወጣል። በግንቦት 1996 «ቡኮባ» የተባለችው መርከብ ምዋንዛ አጠገብ ስትሰጥም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በመስከረም 2018 «ኔሬሬ» ተገልብጣ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በሙኮኖ አቅጣጫ ለመዝናናት የወጣች ጀልባ ሰጥማ ከ30 በላይ ሰዎች ጠፉ። በአደጋዎቹ ሁሉ ከልክ ያለፈ ጭነት ተደጋግሞ ተነሥቷል። ተንሳፋፊ ጃኬት ለጌጥ የሚለበስ አይደለም።

እንግዲህ የቱን እንምረጥ?

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ በዚህ ሐይቅ ዳር ከተማን ያቆመው ከጀርባው ያለው መንገድ፣ ሐዲድ፣ አውሮፕላን ማረፊያና መሥሪያ ቤት መሆኑን ነው። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላ በር የነበራት እንቴቤ ጸናች፤ በአንድ በር ብቻ የተንጠለጠለው ወደብ ደከመ። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ፣ ጀልባው በመጨረሻ ይምጣ እንላለን።

በእኛ አስተያየት ቋሚ ገቢ ለሚሻ ቤተሰብ እንቴቤ፣ የካምፓላ ሥራውንና ወገኑን ሳይለቅ ለውኃው መቅረብ ለሚፈልግ ሙንዮንዮና ጋባ፣ የቱሪስት ሥራን ውጣ ውረድ ለሚችል ጂንጃ ይስማማሉ። በዓሣ ጀልባ ገንዘቡን ማፍሰስ የሚፈልግ ደግሞ በ2017 ጦር ሠራዊቱ ሕገ ወጥ አጥማጆችን ለመቆጣጠር ሲሰማራ ብዙ አጫጭር ጀልባዎች ተወርሰው መቃጠላቸውን ያስታውስ፤ ፈቃዱንና የጀልባውን ልክ አስቀድሞ ይጠይቅ።

በዩጋንዳ የውጭ ዜጋ መሬት በኪራይ እንጂ በባለቤትነት መያዝ አይችልም፤ የኪራዩም ጣሪያ 99 ዓመት ነው። በኬንያም እንደዚሁ ነው። ስለሆነም ማንኛችንም ብንሆን ውል ከመፈረማችን በፊት ወረቀቱን ለሕግ ባለሙያ ማሳየት፣ ቦታውንም በዝናብ ወቅት ሄደን ማየት፣ ሐይቁ በ2020 የት ድረስ እንደወጣ የሠፈሩን ሽማግሌዎች መጠየቅ ይኖርብናል። ውኃው የነካውን ቦታ እነርሱ በጣታቸው ያሳያሉ።

ሐይቅ ዳር ለመውጣት ላሰባችሁ ሁሉ መልካም ጎጆ ይሁንላችሁ። ቸር ያሰንብተን።