ከአበቅቴ እስከ ወለድ

ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው፣ በሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ የሚገኘው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 ተቋቁሞ ለአገሪቱ ብዙ የሒሳብ ሠራተኞችን አፍርቷል። ለሙያው መሠረት ከሆኑት ስሌቶች አንዱ ተራ ወለድ ነው፤ 1,000 ብር በዓመት 5 በመቶ ሲታሰብለት 1,050፣ 1,100፣ 1,150 እያለ በእኩል ልዩነት ያድጋል።

እንዲህ ያለው አቆጣጠር ግን ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። በ13ኛው ምዕተ ዓመት ግብፅ ውስጥ በዓረብኛ የተጻፈው አቡሻክር ወደ ግዕዝ ተመልሶ በሊቃውንት ዘንድ ሲጠና ኖሯል። በባሕረ ሐሳብ፣ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚበልጥ፣ በ19 ዓመቱ ንዑስ ቀመር ውስጥ አበቅቴ በየዓመቱ 11 እየተጨመረበት፣ ከ30 ሲያልፍ 30 እየተገደፈ ይቆጠራል። ለ2018 ዓ.ም. 7518 ዓመተ ዓለም ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ይሆናል፤ ይህም በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ነው።

የዕድል ስሌትም በዕቁብ ውስጥ አለ። ከ20 ዕቁብተኞች የእያንዳንዱ የመጀመሪያ ዕጣ ዕድል ከ20 አንድ ነው፤ በሁለተኛው ዙር ላልደረሳቸው ከ19 አንድ ይሆናል።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህን ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚያገኘው የባዕድ ዕውቀት ይመስለዋል። መምህሩ ከአበቅቴና ከዕቁብ ቢነሣ፣ አዲሱ ቀመር በታወቀ መሠረት ላይ ይቆማል።