ከታይፕ ቁልፍ እስከ ስቲከር ምላጭ

ባሌ ውስጥ በሮቤና በጎባ መካከል በሚመላለሱት ባጃጆች ጀርባ ንባብ አይጠፋም። የቅዱሳን ስም በግዕዝ ፊደል፣ ምስጋና በዓረብኛ፣ የፍቅር ቃል በቁቤ፣ በአፋን ኦሮሞው የላቲን ፊደል። ሦስቱንም የሚያወጣቸው አንድ ዓይነት ማሽን ነው፤ በኮምፒውተር እየታዘዘ ስቲከር የሚቆርጥ ፕሎተር። የዚሁ ማሽን ታናሽ ዛሬ ከቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሠርግ ካርድና የልደት ጌጥ ይቆርጣል።

ቁቤውን ምላጩ ያለ ችግር ይቆርጠዋል። ግዕዙ ግን አንዳንዴ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን፣ አንዳንዴም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይመጣል። ብዙ ሰው ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ቆየት ያለ ነው።

የግዕዝ ፊደል ከማተሚያ ጋር የተገናኘው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ፣ ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን ባሳተመ ጊዜ ነው። ያኔ ችግሩ ልፋት ብቻ ነበር፤ ለየፊደሉ እርሳስ ማቅለጥ። እውነተኛው ግጭት የመጣው ከታይፕ ጋር ነው። ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33 ፊደላት በየሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የታይፑ ቁልፍ ግን ሃምሳ እንኳ አይሞላም። ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ መላ አበጁለት፦ ፊደሉን አካልና ቅጥል አድርገው ከፈሉት፤ ጸሐፊው አካሉን ይመታና ቅጥሉን ይደርብበታል። ቅጥሉ ከአካሉ ጋር አልገጥም ማለቱ ብዙ ወቀሳ አምጥቷል። ቢሆንም ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የአገሪቱ ቢሮዎች ደብዳቤ የተጻፈው በአማርኛ ታይፕ ነውና፣ ወቀሳው ውለታውን ሊያስረሳ አይገባም።

ኮምፒውተር ሲመጣ ሌላ ጣጣ ተከተለ። እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ በራሱ ቅደም ተከተል አስቀመጠው። ከእነዚህ በአንዱ፣ በቪዥዋል ግዕዝ፣ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታ ሰጥቶ ለየፊደሉ በሁሉም ዘንድ አንድ የሆነ ቁጥር አወጣ፤ አሮጌው ፋይል ግን አሁንም በፍላሽ ይዞራል።

አፋን ኦሮሞ በ1984 ዓ.ም. ቁቤን ከያዘ ወዲህ የባሌ ማስታወቂያ ሠሪ ሁለቱንም ጽሕፈት የሚያውቅ መሆን ነበረበት። «ሮቤ» በግዕዝ ሁለት ፊደል ነው፤ በቁቤ አናባቢው ስለሚደገም ስድስት ይሆናል። በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለቱን እኩል ማስተካከል ቀላል እንዳይመስል።

የሙያው መፍትሔ አጭር ነው፦ ጽሑፉን ወደ ማሽኑ ከመላክ በፊት ወደ ከርቭ መቀየር። ፊደሉ መስመር ብቻ ሆኖ ስለሚቀር ማሽኑ የትኛውም ፎንት አያስፈልገውም፤ ምላጩ ጠርዙን ይከተላል። ስቴንስል ከሆነ ደግሞ የ«ዐ» እና የ«ወ» ሆድ ተቆርጦ እንዳይወድቅ ቀጭን ድልድይ ይተውለታል። ከርቭ የሆነ ጽሑፍ ግን አይታረምም። «ሥላሴ»ን በእሳቱ ሰ ጽፎ ከርቭ ያደረገ ሰው እንደገና ከመጻፍ ሌላ መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ቁርጡ ከመጀመሩ በፊት ደንበኛው ስክሪኑ ላይ አጎንብሶ ፊደል በፊደል ያነባል።