በሰፈሩት ቁና፤ የብራዚል ተጓዦችና የቪዛ ታሪክ

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው የአበው ተረት በዲፕሎማሲ ቋንቋ «የአጸፋ መርሕ» ይባላል። ይህን መርሕ በቪዛ ጉዳይ ጠበቅ አድርገው ከያዙት አገሮች አንዷ ብራዚል ናት። ዜጎቿን ቪዛ የሚጠይቅ መንግሥት ቢኖር የዚያን አገር ሰዎች እርሷም ቪዛ ትጠይቃለች፤ ያለ ቪዛ ለሚቀበላቸው ደግሞ በሯን ትከፍታለች። የመርሑ ታሪክ የሁለት ነገሮች ትግል ነው፤ አንደኛው የዜጋ ክብር፣ ሁለተኛው ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2004 መግቢያ ዩናይትድ ስቴትስ ቪዛ ይዘው በአይሮፕላን የሚገቡ የውጭ አገር ሰዎች አሻራና ፎቶግራፍ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሥርዓት ጀመረች። ከቪዛ ነፃ የነበሩት የብዙዎቹ ምዕራብ አውሮፓ አገሮች ዜጎች በመጀመሪያ አልተነኩም፤ ብራዚላውያን ግን ግዴታው ደረሰባቸው። ሥርዓቱ ሥራ ላይ ከመዋሉ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ በማቶ ግሮሶ አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ አሜሪካውያንም ብራዚል ሲገቡ እንደዚሁ እንዲደረጉ አዘዘ። በሪዮ ዴ ጃኔሮም ቱሪስቶቹ ረጅም ሰልፍ ይዘው ጣታቸውን ቀለም እያስነኩ አሻራ ሰጡ።

ይሁንና የቪዛ መቅረት ብቻውን በር አይከፍትም። ብራዚላዊ ቱሪስት ወደ ስፔን ለመግባት ቪዛ ባያስፈልገውም፣ በ2008 ከማድሪድ የተመለሱት ብራዚላውያን ብዙ ነበሩ፤ ከነዚህም መካከል ለጉባኤ ወደ ሊዝበን የሚያልፉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይገኙ ነበር። ብራዚልም ወዲያው ስፔናውያንን ከሳልቫዶር መለሰች። በኤፕሪል 2012 ደግሞ ስፔናውያን የመመለሻ ቲኬት፣ የማረፊያ ማስረጃና ለያንዳንዱ ቀን 170 ሬያል መያዛቸውን እንዲያሳዩ ደነገገች። ሁለቱ መንግሥታት በዚያው ዓመት ተነጋግረው ደንቡን አላሉ።

በ2019 ሚዛኑ ወደ ገቢው አጋደለ። የፕሬዚዳንት ቦልሶናሮ መንግሥት ቱሪስት ለመሳብ ሲል የዩናይትድ ስቴትስን፣ የካናዳን፣ የአውስትራሊያንና የጃፓንን ዜጎች ያለ አጸፋ ከቪዛ ነፃ አደረገ። በ2023 የፕሬዚዳንት ሉላ መንግሥት ወደ ቀድሞው መርሕ መመለሱን አስታወቀ። ጃፓን በበኩሏ ለብራዚላውያን ቪዛውን በማንሣቷ ነፃነቱ በሁለቱም ወገን ጸና፤ በቀሩት በሦስቱ ላይ ግን ቪዛው፣ ቀኑ ደጋግሞ ከተላለፈ በኋላ፣ ከኤፕሪል 10 ቀን 2025 ጀምሮ ተመለሰ።

እንግዲህ አጸፋ አንዳንድ ጊዜ ሌላውን መንግሥት ወደ ድርድር ያመጣል፤ ለዚህም ስፔንና ጃፓን ምስክር ናቸው። ነገር ግን ቁናውን የሚያበጁት መንግሥታት ሲሆኑ፣ በሰልፍ ቆሞ የሚሰፈረው ምንጊዜም መንገደኛው ነው።