የመኪና መለዋወጫ ስትገዙ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ያዙ

በደማም አል ሻጢእና በኮባር ሠፈሮች በቤት ሹፌርነት የምትሠሩ፣ ጋራዥ ውስጥ ያላችሁ ወይም ለሀገር ቤት ዕቃ የምትልኩ ወገኖች፦ ከሰናዒያ የተገዛ ዕቃ "አልገጥምም" ሲል ጣጣው የሚያርፈው ዕቃውን ሊገዛ በሄደው ሰው ላይ ነው። አሠሪው ገንዘቡን ይጠይቃል፣ ሻጩ ደግሞ "ካርቶኑ ተከፍቷል" ብሎ አልመልስም ይላል።

ብዙውን ጊዜ ስህተቱ የሚጀምረው ከስም ነው። እኛ የጋራዥ ቋንቋችን ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ነጋዴው የሚያውቀው ዐረብኛውን ነው። ካንዴላ እዚህ "ቡጂ" ይባላል። በቀጥታ ተርጉማችሁ "ሸምዓ" ካላችሁ ግን ብዙው ሻጭ የሚያወጣላችሁ የፊት መብራት ነው። የመለዋወጫ ቁጥር ግን በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው። ቁጥሩን ለማግኘት እንዲህ አድርጉ።

1. የሻንሲ ቁጥሩን ያዙ

ኢስቲማራው (የእኛ ሊብሬ ማለት ነው) ላይ "ረቅም አል ሀይከል" በሚለው ሥር ታገኙታላችሁ። በሹፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር ወይም የበሩ ምሰሶ ላይም ይጻፋል። 17 ፊደልና ቁጥር ነው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት በውስጡ አይገቡም፤ ስለዚህ ክብ ነገር ካያችሁ ዜሮ ነው። በጄ ከጀመረ ጃፓን፣ በኬ ከጀመረ ኮሪያ፣ በ1 ከጀመረ አሜሪካ የተሠራ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከአሜሪካ የገባ ካምሪና ለባሕረ ሰላጤ ገበያ የተሠራ ካምሪ ስማቸው አንድ ቢሆንም ሁሉም ዕቃቸው አንድ አይደለም።

ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። የአሠሪያችሁን ኢስቲማራ ግን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ።

2. ካታሎጉን ክፈቱ

እንደ ፓርትሱቅ ያሉ ድረ ገጾች ላይ የሻንሲ ቁጥሩን ስታስገቡ የመኪናችሁን ካታሎግ ይከፍቱላችኋል። ኢንተርኔት ካስቸገራችሁ ወኪሉ ጋ ሂዱ፤ ለምሳሌ ከ1955 ጀምሮ ቶዮታን በሳዑዲ የሚያከፋፍለው አብዱል ለጢፍ ጀሚል ነው። የመለዋወጫ ክፍሉ ሠራተኛ ቁጥሩን ከኮምፒውተር ያወጣዋል።

3. ሥዕሉን አንብቡ

ሥዕሉ ዕቃዎቹን ፈታትቶ በሚገጠሙበት ቅደም ተከተል ያሳያል። እያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ ኮድ አለ። ያንን ኮድ ይዛችሁ ወደ ሠንጠረዡ ውረዱና ሦስት ነገር ተመልከቱ፦

• ብዛት፦ ለአንድ መኪና ስንት እንደሚያስፈልግ።
• የምርት ጊዜ፦ ቶዮታ ዓመቱን አስቀድሞ ይጽፋል። "1108-1405" ማለት ከነሐሴ 2011 እስከ ግንቦት 2014 በአውሮፓ አቆጣጠር ለተመረቱት ነው። መኪናው በዓመቱ መካከል ዕቃ ሊቀይር ስለሚችል "ሞዴሉ 2014 ነው" ማለት ብቻውን አይበቃም።
• ቀኝና ግራ፦ መሪው ላይ ተቀምጣችሁ ወደ ፊት ስታዩ ያለው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ከፊት የቆመ መካኒክ "ቀኝ" ካላችሁ የማንን ቀኝ እንደሆነ ጠይቁ።

4. የቁጥሩን ትርጉም እወቁ

የቶዮታ ቁጥር በአብዛኛው ባለ 10 ነው። የመጀመሪያዎቹ 5 የዕቃውን ዓይነት፣ የቀሩት ለየትኛው ሞዴል እንደሆነ ይናገራሉ። 04465 የፊት ፍሬን ሸራ፣ 04466 የኋላ ፍሬን ሸራ ነው። 81110 የቀኝ የፊት መብራት፣ 81150 የግራው ነው። ካርቶኑ ላይ 04466 እያያችሁ ሻጩ "የፊት ነው" ካላችሁ ገንዘብ አትክፈሉ።

5. ሱቅ ስትገቡ

ደማም ኸድሪያም ሆነ ኮባር ሡቅባ ስትሄዱ ቁጥሩን ጽፋችሁ አሳዩ። እነዚህ ቃላት ይረዷችኋል፦

• የፍሬን ሸራ፦ ፈሐማት
• ሾክ (አሞርዘተር)፦ ሙሳዒድ
• የፊት፦ አማሚ፤ የኋላ፦ ኸልፊ
• ቀኝ፦ የሚን፤ ግራ፦ የሳር
• የፋብሪካው፦ አስሊ፤ ሌላ ድርጅት የሠራው፦ ቲጃሪ

ሻጩ የተለየ ቁጥር ካወጣ ወዲያው አሻፈረኝ አትበሉ። ፋብሪካው አሮጌውን ቁጥር በአዲስ ተክቶት ሊሆን ይችላል፤ "በዲል" የሚሉት ይሄንን ነው። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ካታሎጉ ላይ አረጋግጡ። አሮጌውን ዕቃም ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎን ለጎን አስተያዩት። ፋቱራው ላይ የመለዋወጫው ቁጥርና "ካልገጠመ ይመለሳል" የሚለው እንዲጻፍ ጠይቁ። አሠሪያችሁ ሲጠይቃችሁ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ለሀገር ቤት ስትልኩ

አዲስ አበባ የተገኘው መካኒክ "የቪትዝ ሾክ ላኩ" ቢላችሁ አትቸኩሉ። ቪትዝ የጃፓን ገበያ ስም ነው፤ እዚህ ያሪስ ነው የሚባለው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና የሻንሲ ቁጥሩ ከ17 ያጠረ፣ መሃሉ ላይ ሰረዝ ያለበት ነው። የሊብሬውን ፎቶ አስልካችሁ ከሻንሲው ተነሡ። በሰው እጅ የተላከ ዕቃ ሳይገጥም ሲቀር ማንም አይመልሰውም፤ ሶማሌ ተራ ሌላ መፈለግ ነው።

መብታችሁ

በሳዑዲ ደንብ መሠረት የመኪና ወኪል ዘወትር የሚፈለጉ መለዋወጫዎችን ሁልጊዜ ማቅረብ፣ አልፎ አልፎ የሚፈለጉትን ደግሞ ቢበዛ በ14 ቀን ማምጣት አለበት። ወኪሉ "የለም፣ ሦስት ወር ጠብቅ" ካለ ወይም ሱቅ ካታለላችሁ ለንግድ ሚኒስቴር በ1900 ደውሎ ማመልከት ይቻላል። ፋቱራ ከሌለ ግን አቤቱታው ክብደት አይኖረውም፤ ስለዚህ ወረቀቱን አትጣሉ።