ድጎማውና መምህሩ፦ የምዕራብ ጎጃም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በጀት በታሪክ ዐይን



ለድኃ ትምህርት ቤት ተጨማሪ ገንዘብ ሲሰጠው ምን ይለወጣል? ጥያቄው አዲስ ቢመስልም በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው።

በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚውል ገንዘብ ከመሬት እንዲሰበሰብ፣ በየጠቅላይ ግዛቱም የትምህርት ቦርድ እንዲያስተዳድረው ደነገገ። አሳቡ ቀና ነበር፤ ሆኖም የትምህርት ቤቱን ዕድል ከገበሬው ግብር ጋር አሰረው። በጎጃም ደግሞ የመሬት ልኬትና ግብር ዘወትር ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። በ1960 ዓ.ም. ዳሞትን ጨምሮ በብዙ ስፍራ የእርሻ ገቢ ግብርን የተቃወመ ዐመፅ ተነሣ፤ መንግሥትም በመጨረሻ ውዝፉን ማረ። ግብር በተጓደለበት ስፍራ በግብር ላይ የቆመ ትምህርት ቤት አብሮ መጓደሉ አይቀርም።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የትምህርት ክፍያ ቀረ፤ ተማሪውም በዛ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የአማራ ክልል በጀቱን በጥቅል ድጎማ ለወረዳዎች አወረደ። ከወረዳው የትምህርት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል ለመጽሐፍ፣ ለጠመኔና ለጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነበር። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ ይህን ክፍተት ለመሙላት በመንግሥት፣ በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች ገንዘብ የትምህርት ቤት ድጎማ አመጣ። ርእሰ መምህሩና የወላጅ መምህር ኅብረቱም በጋራ የሚያቅዱበት ገንዘብ አገኙ።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ድጎማው የተሰላው በተማሪ ቍጥር እንጂ በድህነት መጠን አይደለም። ስለዚህ ተማሪ የበዛበት የከተማ ትምህርት ቤት ከትንሹ የገጠር ትምህርት ቤት የበለጠ ያገኛል፤ የሚፈርሰው ግድግዳ ግን ተማሪ አነሰ ብሎ አይጠብቅም። ሁለተኛ፣ መምህር የሚቀጠረው በወረዳው የደመወዝ በጀት ነው፤ ድጎማው ወንበር ይገዛል፣ መምህር ግን አያመጣም። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በአውራ ጎዳናው ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም አላት። ከመንገዱ ርቆ የሚመደብ ወጣት መምህር ወደ ከተማ ለመዛወር ቢጠይቅ አያስደንቅም። እርሱን በገጠር የሚያቆየው የቤትና የኑሮ ድጋፍ እንጂ አዲስ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ አይደለም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ሕግ ድኃ ልጆች ለበዙባቸው ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ተጨማሪ ገንዘብ ለመምህራንና ለረዳቶች ቅጥርም ይውላል። የእኛው አሠራር ቁሳቁሱንና ሰውን በሁለት ቦይ ያፈስሳል፤ ቦዮቹም ሁልጊዜ አንድ ማሳ ላይ አይገናኙም።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ተጎድተዋልም። ነገ መልሰን ስንገነባ ጣራውን ቀድመን፣ መምህሩን ደግሞ «በኋላ» ብለን ከለየናቸው የ1940ውንና የ2001ዱን ጉድለት በአዲስ ቆርቆሮ ሸፍነን እናልፋለን። ለድኃ ልጅ የሚሰጥ ገንዘብ የሚመዘነው፣ ልጁ ጠዋት ክፍል ሲገባ መምህሩን በማግኘቱ ነው።