የተፈራው ኪኒን እና ያልተፈራው

ከተሜ ሆኖ ቃር የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። በባዶ ሆድ ማኪያቶ፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ ጥብስ፣ ከዚያ ቀጥታ አልጋ… ከዚያማ ደረት ላይ እሳት ይነዳል። "ጨጓራ አለብኝ" ማለት እኛ ዘንድ ስምን እንደመናገር ቀሏል። መድኃኒቱም እንደዚያው ነው፤ ኦሜፕራዞል ከቦርሳ ወደ ቦርሳ እንደ ማስቲካ ይዞራል። አንዷ "ምንም አያደርግም፣ እኔ ሁለት ዓመቴ ነው" ትላለች። ሌላው ደግሞ "ካንሰር ያመጣል ተብሎ ተጽፏል" ብሎ ዛሬውኑ ይጥለዋል። ለሁለቱም የሚሆን መልስ ያለው የእነዚህ ኪኒኖች ታሪክ ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን ልናገላብጠው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳትደናገሩ።)

ነገሩን ከወተት እንጀምረው። በ1915 በርትራም ሲፒ የሚባል የቺካጎ ሐኪም የጨጓራ ቁስለት ላለባቸው ሰዎች የሚሆን አንድ ሕክምና አስተዋወቀ። በየሰዓቱ ወተትና ክሬም፣ በመሃል በመሃሉ ደግሞ አሲድ የሚያበርድ ዱቄት። እናቶቻችን "ወተት ጠጣበት" የሚሉት ከሲፒ ጋር ተማክረው አይደለም፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ብዙ ሰው ለአሥርት ዓመታት በዚህ ታከመ። ታዲያ ከታካሚዎቹ አንዳንዶቹን ያቅለሸልሻቸው፣ ራሳቸውን ያማቸው፣ ሐሳባቸውም ይምታታባቸው ጀመር። ሲመረመሩ ደማቸው ውስጥ ያለው ካልሲየም ከልክ አልፏል፣ ኩላሊታቸውም ተጎድቷል። እንግዲህ ወተትን ማን ይጠረጥራል?

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ1970ዎቹ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክና ባልደረቦቹ እንግሊዝ አገር በስሚዝ ክላይን ኤንድ ፍሬንች ኩባንያ ውስጥ ሆነው አንድ ጥያቄ ያዙ፤ አሲዱን ከፈሰሰ በኋላ ከማብረድ ይልቅ መጀመሪያውኑ እንዳይመነጭ ማድረግ አይቻልም ወይ? ሂስታሚን የተባለው ንጥረ ነገር ጨጓራን "አሲድ አምጪ" ብሎ የሚያዝበትን በር አገኙና የሚዘጋ መድኃኒት ፍለጋ ገቡ። አንደኛው ሙከራቸው ሜቲያማይድ ጥሩ ሠርቶ ነበር። ነገር ግን ጥቂት ታካሚዎች ላይ ነጭ የደም ሴል ቁጥር አሽቆለቆለ፤ ሰውነት በሽታን የሚከላከለው ደግሞ በእነዚህ ሴሎች ነው። ተመራማሪዎቹ መድኃኒቱን ተዉት። ጥፋተኛ ነው ብለው የጠረጠሩትን የሞለኪዩሉን ክፍል በሌላ ተክተው ሲሜቲዲንን ሠሩ። በ1976 እንግሊዝ ውስጥ ታጋሜት ተብሎ ገበያ ወጣ፤ ብላክም በ1988 ኖቤል ተሸለመ። ቀደም ሲል ስንቱ ሰው በቁስለት ምክንያት ሆዱን ይቀደድ እንደነበር ለሚያውቅ ሽልማቱ አይበዛበትም።

ሲሜቲዲንም ቢሆን ያለ ጣጣ አልመጣም። አንዳንድ ወንዶች ጡት አበጡ፤ አንዳንድ አዛውንቶች ቀንና ቦታ ተምታታባቸው። ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን ሥራ ስለሚያዘገይም እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ ደም ውስጥ ይከማች ነበር።

በ1981 የግላክሶው ራኒቲዲን፣ በገበያ ስሙ ዛንታክ፣ ከተፍ ያለው በዚህ መሃል ነው። ጡት የለ፣ መምታታት እምብዛም የለ፣ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር የሚያደርገው ግጭትም ትንሽ። ጨዋ ኪኒን! አሥር ዓመት ሳይሞላው የዓለም ቁጥር አንድ ተሻጭ መድኃኒት ሆነ። እርጉዝም ሕፃንም ወሰደው።

ስዊድኖች ደግሞ በሌላ በኩል እየመጡ ነበር። ጎተንበርግ አጠገብ የሚገኘው የአስትራ ኩባንያ ቤተ ሙከራ የሠራው ኦሜፕራዞል ትእዛዝ የሚገባበትን በር ትቶ አሲዱን የሚረጨውን ፓምፕ ራሱን ይቆልፈዋል። ኃይለኛ ነው፤ ያስፈራውም ኃይለኛነቱ ነው። በ1984 ዕድሜ ልካቸውን በከፍተኛ መጠን የወሰዱ አይጦች ጨጓራ ላይ ዕጢ ተገኘና በሰው ላይ ይደረግ የነበረው ሙከራ ቆመ። ኋላ ምክንያቱ ታወቀ። አሲድ ሲጠፋ ሰውነት "የት ሄደ?" ብሎ ጋስትሪን የተባለ ሆርሞን ያበዛል፤ ሆርሞኑ ደግሞ የተወሰኑ የጨጓራ ሴሎችን ያራባል። ሙከራው ቀጥሎ መድኃኒቱ በ1988 ስዊድን ውስጥ፣ በ1989 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። አሜሪካ ሲገባ ግን ማሸጊያው ላይ ጥቁር ሣጥን ውስጥ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነበረው፤ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲወሰድም ተባለ። (በነገራችን ላይ የመጀመሪያ ስሙ ሎሴክ ነበር። ላሲክስ ከሚባለው የሽንት መድኃኒት ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ አሜሪካ ውስጥ በ1990 ፕራይሎሴክ ተባለ። የሐኪም የእጅ ጽሑፍ እዚያም እንደ እኛው ነው ማለት ነው።)

ስለዚህ አንዱ ኪኒን ጨዋ፣ ሌላው ተጠርጣሪ ሆነው ዓመታት አለፉ። በሴፕቴምበር 2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዛንታክና መሰሎቹ ውስጥ ኤንዲኤምኤ የተባለ፣ እንስሳት ላይ ካንሰር የሚያመጣ ንጥረ ነገር መገኘቱን አሳወቀ። መጀመሪያ የፋብሪካ ጉድፍ መስሎ ነበር። ሲጣራ ግን ራሱ ራኒቲዲን መደርደሪያ ላይ ሲቆይ፣ በተለይ ሙቀት ሲያገኘው፣ እየተፈረካከሰ ኤንዲኤምኤውን ይፈጥራል። በኤፕሪል 2020 መሥሪያ ቤቱ ራኒቲዲን በሙሉ ከአሜሪካ ገበያ እንዲነሳ ጠየቀ። ከወጣ 38 ዓመቱ ላይ መሆኑን ልብ በሉ! በዚህ ምክንያት በእርግጥ ካንሰር የያዘው ሰው አለ ወይ የሚለው ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲያከራክር ከርሞ፣ ግላክሶ በ2024 ጥፋቴ ነው ሳይል 80 ሺህ ለሚጠጉ ክሶች እስከ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ያ የተጠረጠረውስ? እሱም ንጹሕ አይደለም። አሜሪካኖቹ በ2010 ስለ አጥንት ስብራት፣ በ2011 ደም ውስጥ ማግኒዚየም ስለ መቀነሱ፣ በ2012 ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል በሚባል ባክቴሪያ ስለሚመጣ ብርቱ ተቅማጥ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። አሲዱ እኮ ያለ ሥራ አልተቀመጠም፤ ከምግብ ጋር የሚገባውን ተህዋሲ የሚገድል ዘበኛ ነው። በ2016 ደግሞ ከ73 ሺህ በላይ አዛውንት ጀርመናውያንን መዝገብ ያየ ጥናት የእነዚህን ኪኒኖች ስም ከመርሳት በሽታ ጋር አነሳ። ጋዜጦች ይህንን እንዴት አድርገው እንዳራገቡት ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ብንነግራችሁ ያሳፍረናል። ኪኒኑን የሚወስዱት ሰዎች ከመጀመሪያውም የበለጠ ታማሚ ሊሆኑ ይችላሉ የሚለውን መስመር ርዕሱ ዋጠው። በ2019 የታተመው ሰፊ ሙከራ ሻል ያለ ነው። የልብና የደም ሥር ሕመም ያለባቸው 17,598 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ ከዚሁ ከኦሜፕራዞል ቤተሰብ የሆነውን ፓንቶፕራዞል፣ ገሚሱ አስመሳይ ኪኒን ለሦስት ዓመት ያህል ወሰዱ። በስብራት፣ በኩላሊት፣ በመርሳት በሽታ ልዩነት አልታየም። ጎልቶ የወጣው የአንጀት ኢንፌክሽን ነው፤ 1.4 ከመቶ በ1.0 ከመቶ።

ወዳጆቻችንን የሚነካው ግን ሌላ ነገር ይመስለናል። በ2009 የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት ቃር የሚባል ነገር የሌለባቸውን 120 ጤነኛ ሰዎች ወሰደ። ገሚሱ የኦሜፕራዞልን ዘመድ ኢሶሜፕራዞልን ለስምንት ሳምንት ከዋጡ በኋላ ሳያውቁት በአስመሳይ ኪኒን ተተካላቸው። ካቆሙ በኋላ ባሉት ሳምንታት 44 በመቶው ቃርና የመሳሰለው ያዛቸው፤ ከመጀመሪያው አስመሳዩን ከወሰዱት ግን 15 በመቶው ብቻ። ጤነኛ ሰው በመድኃኒት ቃር ተገዛለት ማለት ነው! ያ አይጦቹን ያሳበጠ ጋስትሪን እዚህም አለ፤ ፓምፑ ሲከፈት የተጠራቀመው ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ስለዚህ በድንገት የጣለው ጓደኛችን ከሳምንት በኋላ ሲቃጠል "በሽታዬ ብሶብኛል" ብሎ ተመልሶ ፋርማሲ ይሄዳል፤ ሁለት ዓመት የሚሆነው እንዲህ ነው። ብዙ ሐኪሞች መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነስ የሚሉትም ለዚሁ ነው። ጨጓራው ደምቶ የሚያውቅ ወይም አስፕሪን በየቀኑ የሚወስድ አዛውንት ግን ጭራሽ በራሱ ማቆም የለበትም፤ እሱን ኪኒኑ ከሞት እየጠበቀው ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ቀረን። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል በ1984 ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ በብርጭቆ ጠጥቶ ራሱን ካሳመመ ወዲህ (ከሮቢን ዋረን ጋር በ2005 ኖቤል አግኝቶበታል) የብዙው ቁስለት መነሻ ባክቴሪያ መሆኑ ታውቋል፤ በፀረ ተህዋሲ መድኃኒት ይድናል። እኛም አገር በሰገራ ምርመራ ይፈለጋል። ኦሜፕራዞል ግን ባክቴሪያውን ሳይገድል ቁጥሩን ስለሚያሳንሰው፣ ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ኪኒኑን ሲውጥ የሰነበተ ሰው ባክቴሪያው ሆዱ ውስጥ እያለ "የለም" የሚል ወረቀት ይዞ ሊወጣ ይችላል። ናሙና ከመስጠታችሁ በፊት ምን ስትወስዱ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩት።